ሁለት ጊዜ አርነት የወጣው አባ ሙሴ ጸሊም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾመ ሐዋርያት ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ተይዞ ሐምሌ 5 ቀን በቅዱሳን ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ይፈታል። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ሆኖ ሳለ በየሰፈሩ የቄስ ጾም ነው እየተባለ ሲታለፍ እናያለን። ከምንጾመውም መካከል እንደ እስረኛ ቀን የምንቆጥር አለን። ስንት ቀን እንደቀረው እናሰላለን፤ ሲፈታ የምንበላውንና የምንጠጣውን ከወዲሁ እናስባለን። መፈታት የምትለዋን ቃል እስቲ ልብ በሏት። ጾሙስ ቀኑ ሲደርስ ይፈታል፤ ሰውየው ግን ተፈቷል ወይ? ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው።

ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰልን አባት ሙሴ ጸሊም ነው። በዓሉ ሰኔ 24 ቀን ይውላል። የጾሙ መግቢያ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ቢልም የእርሱ በዓል ከዚህ ጾም ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ጾማችንን ይዘን ታሪኩን እንስማ።

ጌታው ያባረረው ባሪያ

ጸሊም ማለት በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ሙሴን ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ በዚያ ዘመን የግሪክ ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። የኖረው በ4ኛው መቶ ዓመት ሲሆን በግብፅ አገር የአንድ ሹም ባሪያ ነበር። ታሪኩን ጳላድዮስ የተባለው ጸሐፊ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ገዳማውያን በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። በዜና አበውና በስንክሳርም ይገኛል። ስንክሳሩ ጌቶቹ ፀሐይን የሚያመልኩ ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል።

ሙሴ ሰውነቱ ግዙፍ፣ ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ ጠባዩም አስቸጋሪ ነበር። ይሰርቃል፣ ይደባደባል። ጌታው በመጨረሻ መረረውና ከቤቱ አባረረው። እንግዲህ ሙሴ የመጀመሪያውን አርነት ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የሚያዘው የለም፤ ሂድ ና የሚለው የለም። የሚፈልገውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። ታዲያ በዚህ አርነት ምን ሠራበት? ወንበዴዎችን ሰብስቦ አለቃቸው ሆነ።

ጳላድዮስ ከዚያ ዘመኑ አንድ ነገር ይተርካል። አንድ ሌሊት ሙሴ ሊዘርፍ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኹበትና ሐሳቡ ሳይሳካለት ቀረ። በዚህ ምክንያት በእረኛው ላይ ቂም ያዘ። እረኛው በጎቹን ይዞ ከዓባይ ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰማ። ጊዜው ወንዙ የሞላበት ነበር፤ ስፋቱ አንድ ማይል ያህል ደርሷል። ሙሴ ግን ልብሱን በራሱ ላይ አሰረ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነከሰ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ከሩቅ አይቶት አሸዋ ቆፍሮ ተደበቀና ከሞት ተረፈ። ሙሴም እርሱን ሲያጣ ምርጥ ምርጥ የሆኑ 4 በጎች አርዶ በገመድ አስሮ እየጎተተ በዋና ተመለሰ። ሙዳ ሙዳውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጣበት፣ ከዚያም 50 ማይል ተጉዞ ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለ።

እስቲ ይህን ነገር በእርጋታ እንየው። ያን ጊዜ ሙሴን ማን አዘዘው? ጌታ የለውም፣ አለቃ የለውም። ነገር ግን በውሻ ጩኸት ምክንያት የተያዘች አንዲት ቂም ሰይፍ አስነክሳ ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ውስጥ ጨመረችው። የቀድሞ ጌታው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢሰጠው እንኳ ምናልባት እምቢ ይል ነበር። ቂምን ግን እምቢ ማለት አልቻለም። ጌታችን በወንጌል ኃጢአትን የሚያደርግ የኃጢአት ባሪያ እንደሆነ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሙሴ ጌታ ቀየረ እንጂ ከባርነት አልወጣም። የቀድሞው ጌታ ሲደክመው ይተኛል፤ ይሄኛው ግን እንቅልፍ የለውም።

ሰይፉን ታጥቆ ወደ ገዳም

እግዚአብሔር ግን የማንንም ሞት አይወድምና ሙሴን አልተወውም። ስንክሳሩ እንደሚተርከው ሙሴ አንዳንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ እያየ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው፣ ካልሆነችም እውነተኛው አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ይለምን ነበር። የአስቄጥስ ገዳም መነኮሳት እግዚአብሔርን የሚያውቁ እንደሆኑ በሰማ ጊዜ ሰይፉን እንደታጠቀ ወደዚያ ሄደ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን የሚባለው፣ ከዓባይ በስተምዕራብ በካይሮና በእስክንድርያ መካከል ያለው በረሃ ነው።

መጀመሪያ ያገኘው ቀሲስ አባ ኤስድሮስን ነበር። አባ ኤስድሮስ የሰውየውን መልክና ግዝፈት አይቶ ደነገጠ። ሙሴ ግን የመጣው ሊዘርፍ እንዳልሆነ፣ እግዚአብሔርን እንዲያሳውቁት እንደሚፈልግ ነገረው። አባ ኤስድሮስም ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ወሰደው፤ እርሱም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው፣ በኋላም አመነኮሰው።

ብዙ ጊዜ የንስሐ ታሪክ ስንሰማ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለናል። ወንበዴው መነኮሰ፣ ተፈጸመ! የሙሴ ተጋድሎ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሰይፉን በአንድ ቀን አስቀመጠ፤ ልማዱን ግን በአንድ ቀን ማስቀመጥ አልቻለም።

የውስጡ ጌታ በቀላሉ አይለቅም

ሙሴ በበዓቱ ሲቀመጥ የዝሙት ጾር ተነሣበት። ፈተናው ስለበረታበት ምንኩስናውን ሊተው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ሄዶ ለአባ ኤስድሮስ ነገረው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የወንበዴዎች አለቃ የነበረ ሰው ድካሙን ሳያፍር ለአባቱ ገለጠ። አባ ኤስድሮስም ይህ የጀማሪ ነገር እንደሆነና የቆየ ልማድ በአንድ ጊዜ እንደማይለቅ አስረድቶ አጽናናው። ሥጋ ቤት የለመደ ውሻ አጥንት ካላጣ፣ ቤቱም ካልተዘጋበት በቀር መመላለሱን እንደማይተው በምሳሌ ነገረው።

ሙሴም ወደ በዓቱ ገብቶ ተጋደለ። በቀን 12 ወቄት ያህል ደረቅ ዳቦ ብቻ ይበላል፣ ብዙ ተግባረ እድ ይሠራል፣ በቀን 50 ጸሎት ያደርሳል። ሰውነቱ ከሳ፤ ሕልሙ ግን አልተወውም። ሌላ አባት ሌሊቱን በትጋት እንዲያሳልፍ መከረው። ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ሌሊቱን ሙሉ በበዓቱ መካከል ቆሞ ዓይኑን ሳይከድን ሲጸልይ ኖረ። አሁንም ጾሩ አልለቀቀውም። 6 ዓመት! እኛ አንድ ሳምንት ጾመን ጠባያችን ካልተለወጠ ጾም ምን ይጠቅማል ማለት እንጀምራለን።

ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነት አወጣውና ወደ ምዕራብ እንዲመለከት አዘዘው። ሙሴ አጋንንት ለጦርነት ሲታወኩ አየ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት ከአጋንንቱ ቁጥራቸው የሚበልጥ ቅዱሳን መላእክት በብርሃን ቆመው አየ። ከእርሱ ጋር ያሉት በእርሱ ላይ ካሉት እንደሚበዙ አውቆ ተጽናንቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ።

ከዚያ ሌላ ሥራ ጀመረ። በዚያ በረሃ ውኃ ሩቅ ነው፤ አንዳንዱ በዓት ከውኃው ግማሽ ማይል፣ አንዳንዱም እስከ 5 ማይል ይርቃል። ሙሴ ሌሊት እየተነሣ አቅም ባነሳቸው አረጋውያን በዓት ይዞር ነበር። እንስራቸውን በድብቅ ወስዶ ውኃ ይሞላና መልሶ ያስቀምጥላቸዋል። ዓባይን ሰይፍ ነክሶ የተሻገረው ያ ጉልበት አሁን በሌሊት የሽማግሌ እንስራ ይሸከማል። ጉልበቱ ያው ነው፤ ጌታው ግን ተለውጧል።

ጠላት ዲያብሎስ ይህን አልታገሠም። አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ባለበት ወገቡን በዱላ መታውና ጥሎት ሄደ። በማግስቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ መነኩሴ ወድቆ አገኘው። ለአባ ኤስድሮስ ተነግሮት ወደ ቤተ ክርስቲያን አስወሰዱት፤ አንድ ዓመት ታመመ። አባ ኤስድሮስም ከአቅሙ በላይ ከአጋንንት ጋር መታገሉን እንዲያቆም መከረው። ሙሴ ሕልሙ እስካልተወው ድረስ እንደማያቆም መለሰ። ያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ፈተናው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደራቀለት አበሰረው፤ ሥጋውንና ደሙን በድፍረት እንዲቀበልም አዘዘው። ይህ ሁሉ የደረሰበት በራሱ ተጋድሎ አሸነፍኩ ብሎ እንዳይመካ መሆኑንም ገለጠለት። ከ2 ወር በኋላ ሲጠይቀው ፈተናው ዳግመኛ እንዳልመጣበት ነገረው።

ሙሴ ሁለተኛውንና እውነተኛውን አርነት ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ ስድስቱ ዓመት በከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ያ ድካም በሩን ማንኳኳት ነበር፤ በሩን የከፈተው ክርስቶስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ አርነት ያወጣን ክርስቶስ እንደሆነና ያንን አርነት ለሥጋ ምኞት ሳይሆን በፍቅር እርስ በርስ ለማገልገል እንድናውለው ያስተማረው ለዚህ ነው።

ነጻ የወጣ ሰው በምን ይታወቃል?

አንድ ቀን 4 ወንበዴዎች ማን እንደሆነ ሳያውቁ በሙሴ በዓት ገቡበት። ሙሴ አራቱንም ይዞ አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። ለወንድሞችም እርሱ ሰውን መጉዳት እንደማይገባው ነገራቸውና ምን እንዲያደርጋቸው እንደሚሹ ጠየቀ። ወንበዴዎቹ ይህ ሰው ያ ስመ ጥሩ ወንበዴ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ተገረሙ፤ እርሱ ከተለወጠማ እኛስ ብለው መነኮሱ። መግደል የሚችል ሰው አለመግደሉ፣ አርነት ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

በሌላ ቀን አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈረድበት ጉባኤ ተሰበሰበ። ሙሴን ጠሩት፤ እምቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት ታችኛው የተበሳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው እየፈሰሰ ነበር። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደመጣ ነገራቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ያንን ወንድም ማሩት።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በትንሽ ነገር ተጣላን። ጾሙ ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፌ አይዞርም፤ ስግደቱንም አላጓድልም። ነገር ግን ያንን ልጅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ጾሙ ተፈታ፣ ፋሲካ ሆነ፣ እኔ ግን ያው መንገድ ቀያሪ ነበርኩ። በኋላ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ቅድሚያ የምሰግደው እርሱ ዘንድ ሄጄ መሆን እንደነበረበት ገለጡልኝ። ከእግሩ ወድቄ ይቅርታ የጠየቅኩ ዕለት የተሰማኝን ቅለት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለካስ ያሰረኝ እርሱ አልነበረም።

ሙሴን ሰው ሲሰድበውስ? አባቶች ትዕግሥቱን ሊፈትኑት ፈልገው በጉባኤ መካከል ይህ ጥቁር በመካከላችን ምን ይሠራል ብለው ናቁት። ዝም አለ። በኋላ አላዘነ እንደሆነ ሲጠይቁት ማዘኑን አልደበቀም፤ ነገር ግን አልተናገረም። ድንጋይ አልሆነም፤ አዝኗል። ዱሮ ግን የውሻ ጩኸት ሰይፍ ያስመዝዘው ነበር፤ አሁን በመልኩ ሲንቁት ሐዘኑ አላዘዘውም። ስድቡ ፈተና ይሁን እንጂ ያቆሰለው ቁስል እውነተኛ ነበር፤ እኛም በመልክ ወይም በዘር ሰውን ስንንቅ የምንንቀው የእግዚአብሔርን አርአያ መሆኑን አንርሳ።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እናክል። በአስቄጥስ አንድ ሳምንት እንዲጾም ታዘዘ። በዚያው ሳምንት ከሩቅ የመጡ ወንድሞች ወደ ሙሴ በዓት ደረሱ፤ እርሱም ጥቂት ምግብ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ሙሴ ትእዛዝ እንዳፈረሰ ለካህናቱ ነገሩ። ቅዳሜ ሲሰበሰቡ ግን ካህናቱ የሙሴን ሕይወት ያውቁ ነበርና በሁሉ ፊት የሰውን ትእዛዝ ቢያፈርስም የእግዚአብሔርን እንደጠበቀ መሰከሩለት። ይህን የምጽፈው ጾም ለመሻር ሰበብ እንድንፈልግ አይደለም፤ 6 ዓመት ቆሞ ያደረ ሰው ስለ ሆዱ ብሎ እሳት አላነደደም። እንግዳው የመጣበትን መንገድ ርቀት ስላሰበ ነው። ጾም ለፍቅር ካላዘጋጀን ገና የጾምን ጥቅም አላየንም ማለት ነው።

ሰይፍ ያልመለሰበት ቀን

ሙሴ የቅስና ማዕረግ ተቀበለ፤ 70 አርድእትም አፈራ። ዕድሜው 75 ሲሆን፣ በ400 ዓ.ም. ገደማ፣ በርበሮች አስቄጥስን ሊወሩ እንደሚመጡ ታወቀ። ሙሴ ለወንድሞቹ መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ነገራቸው። እርሱስ ለምን እንደማይሸሽ ሲጠይቁት ይህችን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቃት እንደኖረ ገለጠ። ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ ተናግሯልና እርሱም በወጣትነቱ ያነሣውን ሰይፍ አልረሳውም ነበር። 7 ወንድሞች አብረውት ለመቅረት ወሰኑ።

በርበሮቹ ገብተው ገደሏቸው። ከወንድሞቹ አንዱ ፈርቶ ከገመድ ክምር ኋላ ተሸሽጎ ነበር። አክሊላት ከሰማይ ሲወርዱ ባየ ጊዜ፣ ስንክሳሩ እንደሚለው፣ ከተሸሸገበት ወጥቶ ከእነርሱ ጋር ሰማዕትነትን ተቀበለ።

ያ ሁሉ ጉልበት የነበረው ሰው እጁን አላነሣም። የሞት ፍርሃት እንኳ ሊያዘው አልቻለም። ዐጽሙ ዛሬ በዚያው በረሃ በበርሙስ ገዳም ከአባቱ ከአባ ኤስድሮስ ጋር ይገኛል።

እኛስ?

ምእመናን፣ ዛሬ በአንገታችን ሰንሰለት የለም። ግን ቀኑን በጫት ካልሆነ የማይጀምር አለ፤ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ እግሩ አልፎ መሄድ የማይችል አለ፤ ሌሊቱን በስልኩ የማይገባ ነገር ሲያይ የሚያነጋ አለ፤ ከወንድሙ ጋር በርስት ተጣልቶ 10 ዓመት ያልተነጋገረ አለ። ብንጠየቅ ሁላችንም ማን ያዘኛል ነው የምንለው። ሙሴም ያኔ የሚያዘው አልነበረውም።

ከዚህ አባት የምንይዘው መንገድ ከባድ ቢሆንም የተሰወረ አይደለም። የሚያዘን ምን እንደሆነ ለይተን ለንስሐ አባታችን እንንገር፤ እርሱ ለአባ ኤስድሮስ እንደነገረው ማለት ነው። ቶሎ ካልተለወጥን ተስፋ አንቁረጥ። ለራሳችን ብቻ ስንታገል ከደከመን የሌላውን እንስራ እንሙላ፤ የታመመ እንጠይቅ፣ ለአቅመ ደካማ ጎረቤት እንላላክ። ከሁሉም በላይ ንስሐ ገብተን ከሥጋ ወደሙ አንራቅ፤ ሙሴ የዳነው በበረታው ጡንቻው አይደለምና።

ሐምሌ 5 ጾሙ ይፈታል። እግዚአብሔር እኛንም አብሮ ይፍታን።

የአባታችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።